ጥያቄና መልስ፦ ውድድርና ቁጥጥር፣ ከዳቦ ቤት እስከ ቴሌ

ሥራዬ ጥብቅና ነው፤ ዋናው ጉዳዬ የንግድ ውድድር። የምመልሰው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 813/2006) መሠረት ነው። ጠይቁ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

ባለ ዳቦ ቤት፦ ጋሼ፣ ሰፈራችን ውስጥ አራት ዳቦ ቤቶች አለን። ዱቄት በጨመረ ቁጥር ተሰብስበን አንድ ዋጋ ብንቆርጥ ምን ችግር አለው? እርስ በርስ ከመጎዳዳት ይሻላል ብለን ነው።

መላሽ፦ ትልቅ ችግር አለው። ተፎካካሪዎች በመሸጫ ዋጋ ላይ መስማማት ክልክል ነው። ገበያ መከፋፈልም፣ ጨረታ ላይ ተመካክሮ መግባትም እንደዚያው። ቅጣቱ እስከ ዓመታዊ ሽያጭህ 10 በመቶ ይደርሳል። ልብ በል፣ ከትርፍ ሳይሆን ከሽያጭ ነው። ዳቦ ቤት በምን ያህል ትርፍ እንደሚኖር አንተ ታውቀዋለህ። የዓመት ልፋትህን ጠርጎ ይወስደዋል።

ብዙ ሰው ስምምነት ሲባል ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ይመስለዋል። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ «ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም እንጨምር» ከተባባላችሁ ተስማምታችኋል። ቴሌግራም ላይ አንዱ አዲሱን ዋጋ ለጥፎ ሌሎቻችሁ «እሺ» ካላችሁ ደግሞ ማስረጃውን ራሳችሁ ጽፋችሁ አስቀመጣችሁ ማለት ነው።

ዱቄት ሲጨምር ሒሳብህን ሥራና ለብቻህ ጨምር። ጎረቤትህም የራሱን ሒሳብ ሠርቶ እዚያው ዋጋ ላይ ቢደርስ ጥፋት አይደለም። ከተፎካካሪ ጋር ስለ ዋጋ አታውሩ።

አዲስ አባል፦ ስለ ውድድር ሕግ ቢያብራሩልኝ?

መላሽ፦ ምኑን? የምትሠራውንና የገጠመህን ንገረኝ።

የቡቲክ ባለቤት፦ የገቢ ግብር ደረጃዬ ተቀየረ፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የግብር ሰው አይደለሁም፣ እህቴ። የሒሳብ ባለሙያ አማክሪ።

ደመወዝተኛ፦ ሁሉም ነገር ጣራ ነክቷል። መንግሥት ለምን በየዕቃው ላይ ዋጋ አይቆርጥም? ነጋዴው አልጠግብ ብሏል።

የመርካቶው፦ ወንድሜ፣ በ2003 ተሞክሯል። ስኳርና ዘይት የት እንደገባ ረሳኸው?

ደመወዝተኛ፦ እናንተ ናችሁ የደበቃችሁት!

የመርካቶው፦ በኪሳራ ሽጥ ሲሉህ አንተ ትሸጣለህ? ደመወዝህን በግማሽ ቢቆርጡት ቢሮ ትገባለህ?

መላሽ፦ በቃ፣ ተረጋጉ። የደበቀም ነበር፣ ያልገባም ዕቃ ነበር። መደበቅ ወንጀል ነው፤ ለዚያ አልከራከርም። በ2003 ዓ.ም. በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። በወራት ውስጥ ደግሞ ከአብዛኛው ላይ ተነሣ። ጣሪያው ከመግዣ ዋጋ በታች ሲሆን አስመጪው ማስመጣቱን ያቆማል። ዳቦ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ግራሙ ይቀንሳል። ዋጋው ያው ነው፣ ዳቦው ግን ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ጉድ ነው። ከዚያ ተቆጣጣሪው ሚዛን ይዞ ይዞራል፣ ቀጥሎ ስለ ዱቄቱ ጥራት ይጠይቃል፤ ማለቂያ የለውም።

እኔ ቁጥጥርን አልቃወምም። ዋጋ ይለጠፍ፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ሚዛን ይፈተሽ። ዋጋን የሚያወርደው ግን ሁለተኛ ሻጭ ነው። ቴሌን ተመልከቱ። ከመቶ ዓመት በላይ ሻጩ አንድ ነበር። በ2010 መንግሥት የቴሌኮም ዘርፉን ለግል ባለሀብት እንደሚከፍት አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፍ ቀነሰ። ያኔ ሳፋሪኮም ገና አልገባም! ፈቃዱን በ850 ሚሊዮን ዶላር ያገኘው በ2013 ነው።

የአይቲ ልጅ፦ ታዲያ ቁጥጥር ምን ያደርጋል? በሩን ከፍቶ መልቀቅ ነዋ።

መላሽ፦ አይበቃም። አዲሱ ኩባንያ ደንበኛው ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር መደወል ካልቻለ ሲሙን ማን ይገዛዋል? ኔትወርክ ማገናኘትና ምሰሶ መጋራት በነባሩ በጎ ፈቃድ የሚሆን አይደለም። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተቋቋመው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሕግ ወደ ሌላ ጎንም ሊያዘነብል ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ፣ ቴሌብር፣ በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። የሳፋሪኮሙ ኤም-ፔሳ እዚህ አገር የገባው በነሐሴ 2015 ነው፤ ሕጉ ለውጭ ኩባንያ ስላልፈቀደ ቆይቶ። በሞባይል ገንዘብ የሁለት ዓመት ቅድሚያ ቀላል ነገር አይደለም።

ባለ ሚኒ ማርኬት፦ ጎኔ ትልቅ ሱፐርማርኬት ተከፈተና ከእኔ መግዣ ዋጋ በታች ይሸጣል። ልክሰሰው?

መላሽ፦ ከአንቺ መግዣ ወይስ ከራሱ? በጅምላ ሲያነሣ በርካሽ አግኝቶት ከሆነ ያ ውድድር ነው። ትልቅ መሆንም አያስከስስም። የሚያስከስሰው ገበያውን የያዘ ድርጅት ጉልበቱን ያለአግባብ ሲጠቀም ነው፤ ለምሳሌ ሌላውን ለማስወጣት ከራሱ ወጪ በታች ሲሸጥ። ማስረጃ ካለሽ አቤት በይ። የቀድሞው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በ2014 ፈርሷል፤ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዷል።

ባለ ጋራዥ፦ እኛ ጋራዦች የጉልበት ዋጋ አንድ ብናደርግስ? አገልግሎት ነው እንጂ ዕቃ አይደለም።

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አንብበህ ብትጠይቅ ጥሩ ነበር። ዳቦም ይሁን ጋራዥ፣ ያው ነው። ከተፎካካሪ ጋር ስለ ዋጋ አታውሩ።

ባለ ዳቦ ቤት፦ ጋሼ፣ ታዲያ ማኅበራችን ይፍረስ?

መላሽ፦ ለምን ይፈርሳል? ስለ ዱቄት አቅርቦት፣ ስለ መብራት መቆራረጥ፣ ስለ ሥራ ፈቃድ እድሳት አብራችሁ አቤት በሉ። መብታችሁ ነው። ዋጋ ግን አጀንዳ ላይ አይግባ። አንዱ ካነሣው «እኔ በዚህ አልወያይም» በል፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አስመዝግብና ተነሥተህ ውጣ። ዝም ብለህ ከተቀመጥክ እንደተስማማህ ሊቆጠርብህ ይችላል።