ደብረ ብርሃን ላይ የእንጨት ምድጃ የት ይቀመጥ ላልሽው

እህቴ፣ የእናትሽን ቤት ስታሳድሺ ምድጃውን በሳሎኑ የውጭ ግድግዳ ጥግ ላድርገው ወይስ ወደ ውስጥ ላስገባው ብለሻል። የውጩን ተዪው! ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን በሚለየው ግድግዳ በኩል ይሁን። ቤታችሁ እንደ እኛው በጭቃ ተመርጎ ቆርቆሮ የለበሰ መሆኑ አይቀርም።

1. ከወለሉ በፊት ጣሪያውን እዪ። ጭስ ማውጫው ወራጅና ማገር ሳይነካ፣ ሳይታጠፍ ሽቅብ የሚወጣበት ቦታ ፈልጊ፤ ምድጃው ከዚያ ሥር ይቆማል። የቱቦው ጫፍ ከጣሪያው አናት ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ።

2. ብረት በያጁን ብቻውን ትተሽው አትሂጂ። እኔ ቱቦው ቀጥ ብሎ እንዲወጣ ተስማምቼ ቀብድ ከፍዬ ለሥራ ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሄድሁ። ስመለስ «ቆርቆሮ ከተበሳ ዝናብ ይገባል» ብሎ ቱቦውን ሁለት ቦታ አጥፎ በውጩ ግድግዳ አውጥቶት፣ ከክፍክፉ በታች አስቀርቶታል። ከ2,800 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲወርድ ውጭ የቆመ ቱቦ ምን ይሆናል? ጭሱ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ መሳቡን ይተዋል፣ ጥቁር ውኃ ሆኖ በልስኑ ላይ ይንጠባጠባል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር ወደ ሳሎን ይመለስብን ነበር። ጭሱ ደግሞ ዓይን ማቃጠል ብቻ አይደለም፤ ከሰል አንድደው ቤት ዘግተው ያደሩ ሰዎችን የሚገድለው ሽታ የሌለው ጋዝ በውስጡ አለ። ቀብዴን መልስ ብለው «ጭስ የማይወድ ሰው ምድጃ አያሠራም» አለኝ! እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የፈቃድ ቢሮውም ከእሱ አይሻልም። አንዱ መስኮት «ምድጃ የቤት ዕቃ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ሲለኝ፣ ሌላው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ጣሪያ መብሳት ፈቃድ ይፈልጋል፣ ነገ ና» አለኝ። የእድሳት ማመልከቻሽ ላይ ከመጀመሪያው «የጭስ ማውጫን ጨምሮ» ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ ማንም አያመላልስሽም።

በመጨረሻ ሌላ በያጅ ይዤ ሁሉንም እንደ አዲስ አሠራሁት። የጭቃ ግድግዳ ጭቃው ባይነድም ውስጡ ያለው እንጨት ይነዳል፤ ምድጃው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት። እኔ ግን ከምድጃው ጀርባ ያለውን አፍርሼ በድንጋይ አስገነባሁት። የመንዝ ሰው በድንጋይ ቤት የሚኖርበት ብልሃት ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ድንጋዩ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። አሁን በታኅሣሥ ሌሊት ሁለቱም ክፍሎች በአንድ እሳት ይሞቃሉ፣ ጎረቤቶቼም ቤታቸውን ሲያድሱ መጥተው ይለካሉ። ባሕር ዛፉ ብቻ ተፈልጦ አንድ በጋ ይድረቅ፤ እርጥብ ፍልጥ የትኛውንም ቱቦ በጥቀርሻ ይደፍናል።

ቱቦው በኮርኒሱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ኮርኒሱ ሳይመታ አስለኪ፤ ዙሪያውንም በላሜራ አስከብቢው፣ ጨርቅም ማዳበሪያም እንዳይጠጋው። ወራጆቹ የሚታዩበት ፎቶ ካለሽ ላኪልኝና ቦታውን ላመልክትሽ።