መሀል አዲስ አበባ ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ሰላም። ካሳንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ ሕንፃ ሳስተዳድር ኪራይ ስሰበስብ ነው የኖርኩት፣ ደላላ አይደለሁም፣ የምሸጥላችሁም ቤት የለኝም። ዛሬ ማታ እስከ 4 ሰዓት አለሁ።

ጥያቄ፦ የቤት እጥረት አለ እየተባለ አዳዲሶቹ አፓርታማዎች ለምንድነው ባዶ የሚሆኑት?

መልስ፦ እጥረቱ ያለው እኮ ደሞዝተኛው ሊከፍል በሚችለው ቤት ላይ ነው፣ የሚሰራው ደግሞ ባለ 3 መኝታ 150 ካሬ ምናምን ነው፣ ሁለቱ አይገናኙም። መሬቱ የመንግስት ነው፣ በሊዝ ነው የሚያዘው፣ መሀል ከተማ ደግሞ ሊዙ ውድ ስለሆነ አልሚው ትልቅና ውድ ቤት ካልሰራ አያዋጣኝም ይላል። ስለዚ የአዲስ አበባ ገበያ የሚባለውን እርሱት፣ ያለው የዛ ሰፈር፣ የዛ ስፋት ቤት ገበያ ነው። እኔ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምለው ማታ 2 ሰዓት ላይ ሕንፃው ጋር ሂድና መብራት የበራበትን መስኮት ቁጠር ነው (መብራት የጠፋ ቀን አትሂዱ እንጂ)። ተሸጦ አልቋል ተብሎ ግማሹ ጨለማ ከሆነ ገዢ እንጂ ነዋሪ የለውም፣ እነዛ ሁሉ ባለቤቶች ነገ ተከራይ ፍለጋ ሲወጡ ከናንተ ጋር ነው የሚሻሙት።

ጥያቄ፦ እኔ ያለሁት ውጭ ነው፣ አንድ ባለ 3 መኝታ ልግዛ ወይስ ሁለት ስቱዲዮ? ለኪራይ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሰፈሩን ሳትነግሪኝ ከባድ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ የባንክ ዋና መስሪያ ቤቶች ስላሉ ወጣት ሰራተኛ ይበዛል፣ ስቱዲዮና ባለ 1 መኝታ ቶሎ ይያዛል። ካሳንቺስ ግን የኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ሰራተኛ ቤተሰብ ይዞ ስለሚመጣ ትልቁም ፈላጊ አለው፣ ብቻ ሊፍትና ጄኔሬተር ይጠይቃል፣ ውሃ ሲጠፋም ለሊት ነው የሚደውልልሽ። ለምሳሌ 10 ሚሊየን የገዛሽው ቤት በወር 45 ሺህ ቢከራይ በዓመት 540 ሺህ ነው፣ 5.4 በመቶ። ሁለት ወር ባዶ ከቆመ ግን 450 ሺህ፣ 4.5 ሆነ ማለት ነው፣ ጥገናና የጥበቃ መዋጮ ሳይነሳ። ስቱዲዮው ላይ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ቀለም መቀባት አይቀርልሽም፣ ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ባዶ የሚሆኑበት አጋጣሚ ትንሽ ነው።

ጥያቄ፦ ባዶ የቆመበትንስ ኪራይ እየጨመርኩ አካክሰዋለሁ።

መልስ፦ ቀስ በል ወንድሜ። በመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ ጭማሪም መንግስት በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን እንጂ እንዳሻህ አይደለም። ዛሬ በሚከራይበት ዋጋ ካላዋጣህ ተወው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ኮሪደር ልማቱ ዳር ሱቅ አግኝቻለሁ፣ መንገዱ በጣም አምሯል።

መልስ፦ አምሯል፣ አልክድም። ግን በ2016 እዛ ቤት ሲፈርስ አቅርቦት ብቻ አይደለም የቀነሰው፣ ሻይ የሚጠጣው፣ ጸጉሩን የሚቆረጠው፣ በዱቤ የሚገዛው ሰውም ነው አብሮ ወደ ዳር የሄደው። ለሽርሽር የሚመጣ ሰው ፎቶ ይነሳል እንጂ ዘይት አይገዛም። አንድ ማክሰኞ ጠዋትና አንድ ቅዳሜ ማታ እዛው ቁጭ ብለህ ስንት ሰው በሩን አልፎ እንደሚገባ ቁጠር፣ ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ላይ ምን እንደሚሰራም ክፍለ ከተማ ሄደህ አጣራ። አስር ሱቅ ያለው ሕንፃ ሊሰራበት ይችላል፣ ያኔ ደንበኛህን ይሻማሃል።

ጥያቄ፦ ገዢ ጠፍቷል እየተባለ ዋጋ ለምን አይወርድም?

መልስ፦ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከተወደደ ወዲህ ሊፍቱም አሉሚኒየሙም ሴራሚኩም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ አዲስ መስራት ተወደደ፣ የድሮ ባለቤትም ብር ከምይዝ ቤት ይሻለኛል ብሎ አይቸኩልም። እና ዋጋው እንደተሰቀለ ይቀመጣል፣ ሽያጩ ነው የሚቆመው። ደላላ የሚጠራላችሁ ሻጭ የተመኘውን ነው፣ እናንተ ግን በቅርቡ እዛው ሕንፃ ላይ የገዛ ሰው ፈልጉና ስንት እንደከፈለ ጠይቁ፣ ጥበቃው ያውቃቸዋል።

ጥያቄ፦ ሞል ላይ 4ኛ ፎቅ ሱቅስ?

መልስ፦ አይ። ቀጥሎ።