ሴሚናሪ ለመግባት ለምታስቡ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ

በአሜሪካ በአንድ ሴሚናሪ (የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች የሚሠለጥኑበት የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት) የተማሪዎች ቅበላ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከኢትዮጵያም ከውጭም የሚጠይቁኝ ወገኖች ብዙ ናቸው። ስለ ቅበላና ስለ ትምህርት ደንብ ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት መካከል እነዚህን መርጫለሁ። የምናገረው በአሜሪካና በካናዳ ስላሉ ሴሚናሪዎች ነው። ዝርዝሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ስለሚለያይ፣ የምታመለክቱበትን ቤት የተማሪዎች መመሪያ ሳታነቡ አንድ ብር እንዳትከፍሉ።

ጥያቄ፦ ኤም ዲቭ ልማር ወይስ ኤም ኤ? ሁለቱም ማስተርስ ከሆኑ ለምን አንዱ ያን ያህል ይረዝማል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዓላማቸው ስለሚለያይ ነው። ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ፣ ሁላችንም ኤም ዲቭ የምንለው፣ ሰውን ለመጋቢነት፣ ለክህነት ወይም ለቻፕሊንነት (በሆስፒታልና በመሳሰሉት ቦታዎች ለሚሰጥ መንፈሳዊ አገልግሎት) ያዘጋጃል። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ነገረ መለኮት፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ስብከት፣ የምክር አገልግሎት፣ በብዙ ቦታም ዕብራይስጥና ግሪክ አለበት። ክፍል ውስጥ ብቻ አያልቅም። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሆስፒታል ገብቶ በአሠልጣኝ ሥር ማገልገልም የትምህርቱ አካል ነው። ለሴሚናሪዎች ዕውቅና የሚሰጠው ማኅበር፣ ኤ ቲ ኤስ፣ ለኤም ዲቭ ቢያንስ 72 ክሬዲት ይጠይቃል። ሙሉ ጊዜህን ሰጥተህ 3 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ለኤም ኤ ዝቅተኛው 36 ክሬዲት ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከዚያ በላይ ስለሚጠይቁ 2 ዓመት ገደማ አስብ።

ቤተ ክርስቲያንህ ልትሾምህ ካሰበች መጀመሪያ እሷን ጠይቅ። ያለ ኤም ዲቭ የማይሾሙ ቤተ እምነቶች አሉ። ፍላጎትህ ማስተማርና ኋላም ፒኤችዲ መቀጠል ከሆነ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው ኤም ኤ ወይም ከኤም ዲቭ በኋላ የሚወሰደው ማስተር ኦፍ ቲዎሎጂ ይሻልሃል። አጭሩን ልውሰድ ብለው ኤም ኤ ጀምረው፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ወደ ኤም ዲቭ ልዛወር የሚሉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። መዛወር ይቻላል። ግን የተማርከው ሁሉ ላይቆጠርልህ ይችላል።

ጥያቄ፦ የተመረቅሁት በሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው። ነገረ መለኮት ተምሬ አላውቅም። ይቀበሉኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቀበሉሃል። ኤም ዲቭ በማንኛውም ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ የሒሳብ ባለሙያም ይገባል።

ላንተ የሚከብደው ወረቀቱ ነው። ሴሚናሪዎች ትራንስክሪፕቱ (የውጤት ማስረጃው) በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲህ ሬጅስትራር እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ብዙዎቹም በውጭ አገር ማስረጃ ገምጋሚ ድርጅት በኩል እንዲያልፍ ይጠይቃሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማርክ የኮስት ሼሪንግ ዕዳህን ሳትጨርስ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ማግኘት ይቸግርሃል። ይህን ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚሰሙ ልጆች ያሳዝኑኛል። ዛሬውኑ ጀምረው።

ጥያቄ፦ 20 ዓመት አገልግያለሁ። ያለኝ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ነው እንጂ ዲግሪ የለኝም። አገልግሎቴ አይቆጠርልኝም? (መጋቢ፣ ከዴንቨር)

መልስ፦ የተከበሩ መጋቢ፣ በአንዳንድ ቤት ይቆጠራል። ዕውቅና ያላቸው አንዳንድ ሴሚናሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪ የሌላቸውን ጥቂት ሰዎች በማስተርስ ደረጃ ይቀበላሉ። ግን የማስተርስ ትምህርት መከታተል እንደሚችሉ በጽሑፍና በቃለ መጠይቅ ማሳየት ይጠበቅብዎታል። ቅበላውም መጀመሪያ ላይ ለሙከራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ዲግሪ የለኝም" ብለው አይቅሩ። ለቅበላ ክፍሉ ደውለው ያለ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባበት መንገድ እንዳላቸው ይጠይቁ። መልሱ የለም ከሆነ ሌላ ቤት ይሞክሩ። የዲፕሎማዎን ኮርሶች የሚይዝልዎት የባችለር ፕሮግራም ካገኙም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ተቋም በ6 ወር ዶክትሬት እንሰጥሃለን፣ የምረቃ በዓሉም አሜሪካ ነው ብሎኛል። ገንዘቡን ልላክ? (ወንጌላዊ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እባክህ አትላክ። ዕውቅና ባለው ሴሚናሪ ዶክተር ኦፍ ሚኒስትሪ የሚባለውን ለመማር ኤም ዲቭ ወይም ተመጣጣኝ ትምህርት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ በአገልግሎት የተወሰነ ዓመት መቆየትንም ይጠይቃሉ። ትምህርቱ ቢያንስ 30 ክሬዲት ነው፣ በመጨረሻም ፕሮጀክት አለው። እያገለገሉ ለሚማሩ ሰዎች 3 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፒኤችዲ ከዚህም ይረዝማል።

"በመንግሥት የተመዘገብን ነን" ብለውህ ይሆናል። እሱ ውሸት ላይሆን ይችላል። እንደ ፍሎሪዳ ባሉ ግዛቶች ሃይማኖታዊ ኮሌጆች ከመደበኛው የግዛቱ ፈቃድ ነፃ ሆነው ሃይማኖታዊ ዲግሪ መስጠት ይችላሉ። በሕግ መመዝገብና የትምህርት ዕውቅና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። ስለዚህ "ዕውቅና የሰጣችሁ ማነው?" ብለህ ጠይቅ። ኤ ቲ ኤስ ካሉህ የማኅበሩን የአባላት ዝርዝር ራስህ ተመልከት። ለመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጆች ኤ ቢ ኤች ኢ፣ ለክርስቲያን ኮሌጆችና ሴሚናሪዎች ደግሞ ትራክስ የሚባሉ ሌሎች ታዋቂ ዕውቅና ሰጪዎች አሉ። ሌላ ስም ከነገሩህ፣ ዕውቅና ሰጪውን ራሱን የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ያውቀው እንደሆነ አጣራ። "ኢንተርናሽናል" እና "ዩኒቨርሳል" የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት ስም እንዳያታልልህ።

ዕውቅና የሌለው ሁሉ አጭበርባሪ ነው አልልም። የአጥቢያ አገልጋዮችን በቅንነት የሚያሠለጥኑ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ዕውቅና እንደሌላቸውም በግልጽ ይነግሩሃል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ምእመናን በአሥራታቸው የሚያኖሩት አገልጋይ "ዶክተር" ለመባል ገንዘቡን ለእንዲህ ዓይነት ንግድ ሲያስረክብ ማየት ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት ጥሩ መጽሐፍ ይገዛ ነበር።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን መሪ የባለቤቴ ወንድም ነው። የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ይችላል? (ከሲያትል)

መልስ፦ አብዛኛው ሴሚናሪ የዘመድ ደብዳቤ አይቀበልም። በአማች በኩል ዘመድ የሆነም ይጨመራል። ሌላ ሽማግሌ ወይም የሌላ አጥቢያ መጋቢ ይጻፍልህ፣ ዝምድናውንም አትደብቅ።

ስለዚህ ደብዳቤ ትንሽ ልበል፤ የእኛ ሰዎች እንደ ፎርማሊቲ ያዩታል። የቅበላ ኮሚቴው ግን ከውጤትህ እኩል ያነበዋል። ሴሚናሪው ማወቅ የሚፈልገው ይህ ሰው ከማን ጋር ነው የሚያመልከው፣ ሲገሠጽ ይሰማል ወይ፣ ገንዘብና ሰው በአደራ ተሰጥቶት ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። "ወንድማችን በጣም መንፈሳዊና ትጉህ ነው" የሚል ሦስት መስመር ለማንም አይረዳም። "ለአራት ዓመት የወጣቶችን አገልግሎት መርቷል፣ ሁለት ቤተሰብ ሲጣላ እንዲህ አድርጎ አስታርቋል" የሚል ደብዳቤ ግን አመልካቹን እንደ ሰው ያሳያል። ለሚጽፍልህ ሰው ቢያንስ አንድ ወር ስጠው። በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው ከሆነ በአማርኛ ይጻፍና ሌላ ሰው ይተርጉመው። አንተው ጽፈህ ለፊርማ ብቻ እንዳትሰጠው። የማመልከቻ ድርሰትህና ደብዳቤው በአንድ እጅ የተጻፉ መሆናቸው ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዲያቆን ነኝ። የፕሮቴስታንት ሴሚናሪ ይቀበለኛል? እምነቴን ልቀይር እገደዳለሁ? (ከዳላስ)

መልስ፦ እንደ ቤቱ ነው፣ ዲያቆን። እንደ ፕሪንስተን ያሉት ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመጡ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። እዚያው ከተማዎ ያለውን ዳላስ ቲዎሎጂካል ሴሚናሪን የመሰሉት ደግሞ አመልካቹ በመሠረታዊ የእምነት ነጥቦች መስማማቱን ይጠይቃሉ። የእምነት መግለጫቸውን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ከልብዎ የማይቀበሉት ነገር ካለ አይፈርሙ። ቅበላ ለማግኘት ተብሎ የሚፈረም የእምነት መግለጫ ለማንም አይበጅም።

የኦርቶዶክስ ሴሚናሪዎችም አሉ። ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ቅዱስ ቭላዲሚር ከምሥራቃውያኑ (እንደ ግሪክና ሩሲያ ካሉት) ኦርቶዶክሶች በተጨማሪ የተዋሕዶንና የእኅት አብያተ ክርስቲያናቷን ተማሪዎችም ያስተምራል። በማሳቹሴትስ ብሩክላይን የሚገኘው የግሪክ ኦርቶዶክሱ ሆሊ ክሮስም አለ። የትም ቢያመለክቱ ከጳጳስዎ ወይም ከንስሐ አባትዎ ጋር አስቀድመው ይመካከሩ።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናው አይቀርልኝም? (ከጎንደር)

መልስ፦ አንዳንዶች ያስቀሩልሻል፣ ብዙዎች አያስቀሩም። በጽሑፍ ጠይቂ። ከተፈተንሽ አይልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና 6.5 ወይም 7 የተለመደ ነው። ውጤቱ የሚያገለግለው 2 ዓመት ስለሆነ በጣም ቀድመሽ አትፈተኚ።

ጥያቄ፦ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘሁ ሌላ ምን ወጪ አለብኝ? ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ መምጣት እፈልጋለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የትምህርት ክፍያ መቅረቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤት ኪራይ፣ ምግብና የጤና ኢንሹራንስ አለ። ለተማሪ ቪዛ ትምህርት ቤቱ የሚሰጠውን አይ-20 የሚባል ፎርም ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለ ማሳየት ግዴታ ነው። ቤተሰብ ሲጨመር መጠኑም ይጨምራል። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ፣ ለሚመጣ ሰው 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ አገር ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ አለ። የቪዛ ክፍያው ለብቻው ነው።

ትምህርት እየተካሄደ ግቢ ውስጥ መሥራት የሚቻለው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው። በኤፍ-2 (በተማሪ ቤተሰብ ቪዛ) የምትመጣ ባለቤትህ ደግሞ መሥራት አይፈቀድላትም። ይህን ሳያውቁ መጥተው በጭንቀት የተፈተኑ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ሁለታችሁም ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተነጋገሩ። ለውጭ አገር ተማሪ የፌዴራል ብድር የለም፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ማመልከት ይችላል። ለፒኤችዲ ከሆነ ላንግሃም የሚባለው ድርጅት ከእኛ ዓይነት አገሮች ለሚመጡ የነገረ መለኮት ምሁራን ድጋፍ ይሰጣል፤ ተመልሰው አገራቸውን እንዲያገለግሉ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ አንድ ሴሚስተር ቢከብደኝ ኮርስ መቀነስ እችላለሁ? ወይም ሁሉንም በኦንላይን ልውሰድ? (የኤፍ-1 ተማሪ)

መልስ፦ የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚከታተለውን ኃላፊ ሳታነጋግር በፍጹም እንዳትሞክረው። ከሙሉ ጊዜ በታች መውረድ፣ በማስተርስ በብዙ ቤት ከ9 ክሬዲት በታች ማለት ነው፣ ያለ ፈቃድ ከሆነ በተማሪነት አሜሪካ የመኖር ሕጋዊ ሁኔታህን ያበላሻል። ከኦንላይን ለሙሉ ጊዜ የሚቆጠርልህ በሴሚስተር አንድ ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። ሙሉ ኦንላይን ፕሮግራም ኢትዮጵያ ወይም ዱባይ ሆኖ ለሚማር ሰው ግን ጥሩ ነው፤ ቪዛ አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ጽሑፌን "ፕሌጀሪዝም አለበት" ብለው ዜሮ ሰጡኝ። ያገኘሁትን መልካም ነገር ነው የጻፍኩት፣ ማንንም ለመስረቅ አልነበረም። (ከሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ አምንሻለሁ፣ እህቴ። እኛ የተማርነው መምህሩ ያለውን ሳንለውጥ መመለስን ነው። መድረክ ላይም የአንዱ ሰባኪ ምሳሌ በሌላው አፍ ይሰማል፣ ማንም ከየት አመጣኸው አይልም። እዚህ ግን ደንቡ ጥብቅ ነው። የሌላ ሰው ሐሳብ በራስሽ ቃል ብታስቀምጪውም እንኳ ምንጩን መጥቀስ አለብሽ። ቃል በቃል ከሆነ ደግሞ ትእምርተ ጥቅስ ይጨመራል። ከአማርኛ መጽሐፍ ተርጉመሽ ብትወስጂም ያው ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤ አይ) የማስጻፉ ጉዳይ በየኮርሱ መግለጫ ላይ ተጽፏል፤ መምህሩ ካልፈቀደ አትንኪው።

አሁን ማድረግ ያለብሽ ለመምህሩ ቀጠሮ ጠይቀሽ ሁኔታውን ማስረዳት ነው። ብዙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደገና እንድትጽፊ ይፈቅዳሉ፤ ሲደጋገም ግን እስከ መባረር ያደርሳል። ከዚያ የጽሑፍ ማገዣ ማዕከሉ ጋ ሂጂ። በብዙ ሴሚናሪ ነፃ ነው። የግርጌ ማስታወሻ አጻጻፍ፣ በተለይ ቱራቢያን የሚባለውን፣ በመጀመሪያው ወር ተማሪ። የእኛ ልጆች ማዕከሉን የሚያውቁት ከወደቁ በኋላ ነው፤ ይህ ቢቀየር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ወጪዬን የምትሸፍነው ቤተ ክርስቲያኔ ናት። ውጤቴን ከትምህርት ቤቱ መጠየቅ ትችላለች? (ከሚኒሶታ)

መልስ፦ ያለ አንተ የጽሑፍ ፈቃድ በመደበኛው አሠራር ትምህርት ቤቱ አይሰጥም። ፌርፓ የተባለው የ1974 (እ.ኤ.አ.) የፌዴራል ሕግ የተማሪን መዝገብ ይጠብቃል። እኔ ብሆን ግን ለሚከፍሉልኝ ሽማግሌዎች ውጤቴን ራሴ አሳያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ረዳት ነኝ። ቻፕሊን መሆን እፈልጋለሁ። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ የኢትዮጵያውያን ቻፕሊኖች እጥረት አለብን። አንዲት እናት በሞት አፋፍ ሆና በቋንቋዋ የሚጸልይላት ስታጣ በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ልብሽ ካለ ግቢበት። ኤም ዲቭ ወይም ተመጣጣኝ ያስፈልግሻል። ሲ ፒ ኢ የሚባል የሆስፒታል ሥልጠናም አለ። አንዱ ዩኒት 400 ሰዓት ነው፤ ለሙሉ የሙያ ማረጋገጫ አብዛኛውን ጊዜ 4 ዩኒት ይጠየቃል። የቤተ እምነትሽ የድጋፍ ማረጋገጫም ያስፈልጋል። አጥቢያሽ ራሱን የቻለ ከሆነና ከየትኛውም ኅብረት ጋር ካልተያያዘ ይህን የሚሰጥሽ ማን እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂ፤ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አልተቀበሉኝም። ድጋሚ ማመልከት ይቻላል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ይቻላል፣ በብዙ ቤት በዓመቱ። ለቅበላ ክፍሉ በትሕትና ጻፍና የጎደለውን ጠይቅ። ሁሉም ባይመልሱልህም ብዙዎች ይናገራሉ፤ ወይ እንግሊዝኛው ነው፣ ወይ ድርሰቱ፣ ወይ ገንዘቡ። ድርሰቱ ከሆነ የቆየውን አትላክ፣ ከባዶ ጀምረህ ጻፈው።