«እስከ ዛቲ ሰዓት»፦ ስለ ምስጋናና ስለ ጸሎት ለጠየቃችሁኝ

ደሴ ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሳገለግል ከሃያ ዓመት በላይ ሆነኝ። መዝሙር አስጠንቻለሁ፣ ምንጣፍ ተሸክሜያለሁ፣ ሕፃናት ክፍልም ቆይቻለሁ። ሰሞኑን «በጸሎትና በምስጋና ሕይወት የከበዳችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከደሴም ከኮምቦልቻም ብዙ ጥያቄ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን እመልሳለሁ። ለነፍሳችሁ ጉዳይ ግን ከእኔ በፊት የንስሐ አባት አላችሁና እሳቸውን አማክሩ።

ጥያቄ፦ ሰው «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ግን ከአፌ ብቻ ነው፤ ልቤ ውስጥ ምንም የለም። ይሄ ግብዝነት አይሆንብኝም?

አይሆንብህም ወንድሜ። እኛ አገር የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት አደርክ?» ሲባል መጀመሪያ «ተመስገን» ይላል። ሕመሙን የሚናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያወረሱን ሰዎች የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቃሉን አትተወው።

የጎደለህ ሌላ ነው። ለምን እንደምታመሰግን አልለየህም። ሉቃስ ምዕራፍ 17 ላይ ዐሥር ለምጻሞች አሉ። ዐሥሩም ጮኸው ለምነዋል፤ ዐሥሩም ድነዋል። የተመለሰው ግን አንድ ነው፣ እርሱም ሳምራዊ። ወንጌሉ እንዴት እንደተመለሰ ሲናገር «እንደ ተፈወሰ ባየ ጊዜ» ይላል። መጀመሪያ አየ። ሌሎቹም ቆዳቸው ነጽቷል፤ ቆም ብሎ አይቶ የዞረው ግን እሱ ብቻ ነው።

ማታ ስትተኛ «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብለህ አትለፈው። አንዱን ነገር በስሙ ጥራው። «ዛሬ ጠዋት ሐረጎ ላይ ጉሙ ዓይን ሲያሳጣ ሚኒባሳችን በሰላም ስለ ወረደ ተመስገን።» «ባለቤቴ ተቆጥታ ሳለ ምሳዬን ስላልከለከለችኝ ተመስገን።» እንዲህ ለሁለት ሳምንት ሞክረው። ቀን ላይ ዓይንህ ራሱ ማታ የምትጠራውን ነገር መፈለግ ይጀምራል። በእኔ የሆነው እንደዚያ ነው።

ጥያቄ፦ መዘምር ነኝ። ለጥናት፣ ለጉባኤ፣ ለበዓል ዝግጅት ስሮጥ እውላለሁ። በግሌ ከጸለይኩ ግን ሳምንታት አልፈዋል። አገልግሎቱ እንደ ጸሎት አይቆጠርልኝም?

እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ ልካችኋል። ስለዚህ ሳልሸፋፍን ልናገር። አይተካም። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ ጌታችን በቅፍርናሆም ፀሐይ ከገባ በኋላ ከተማው ሁሉ ደጅ ላይ ተሰብስቦ ብዙ ሕሙማንን ሲፈውስ እናያለን። በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ጸለየ። ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ እሱ ራሱ «አገልግያለሁ፣ ይበቃል» ካላለ እኛ ከየት አምጥተን እንላለን?

በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። አንድ የጥምቀት ሰሞን ነው፤ ዓመቱ ብዙ ርቋል። በታቦቱ ፊት ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። እናነጥፋለን፣ እንጠቀልላለን፣ ወደ ፊት ሮጠን እንደገና እናነጥፋለን። ታቦቱ ገባ፤ ሕዝቡ ተበተነ። ምንጣፉ ጭቃና ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ቀና ብዬ ሳይ የቀረነው ሦስት ልጆች ነን። በሆዴ ስም መቁጠር ጀመርኩ። እገሌ ሄደ፤ እገሌ ፎቶ ሊነሣ መጥቶ ጠፋ፤ አስተባባሪው እንኳ «በርቱ» አላለንም። ምንጣፉን የምጠቀልለው በቁጣ ነበር።

አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው መጡና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዙ። እጃቸው የደረቀ፣ ጣታቸው የጎበጠ ነው። ጫፉን አንሥተው ጭቃውን አራገፉና «ተመስገን፣ ዘንድሮም ታቦቱ በሰላም ገባ» አሉ። ለእኔ አልነበረም የተናገሩት፤ ለራሳቸው ነው። ሁለታችንም አንድ ምንጣፍ ይዘናል። እኔ የሄዱትን እቆጥራለሁ፤ እሳቸው የገባውን ታቦት ያያሉ።

ያን ዕለት ማታ ስመረምረው፣ ለዚያ በዓል ስሮጥ አንድ ሳምንት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ በጸሎት አልቆምኩም ነበር። ቁጣው የመጣው ከዚያ ነው። ሳይጸልይ የሚያገለግል ሰው ደመወዙን ከሰው ይጠብቃል። ደመወዙ ሲቀር ይመረዋል። ስለዚህ እኅቴ፣ ከመዝሙር ጥናት በፊት ዐሥር ደቂቃ ብቻሽን ቁሚ። ለጥናቱ መቅናት የሚለምን ጸሎት ሳይሆን የራስሽ ይሁን።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ነው የምሠራው። አንዳንድ ሳምንት ሌሊት እገባለሁ። ሰባቱን የጸሎት ጊዜ መጠበቅ ስላልቻልኩ ሙሉ በሙሉ ተውኩት።

መተውህ ነው ያሳዘነኝ፤ አለመቻልህ አይደለም። ሰባቱ ጊዜያት ከዳዊት መዝሙር 118 «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ከሚለው ጋር የሚስማሙ ናቸው። ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታ፣ መንፈቀ ሌሊት። ገዳማውያን ሙሉውን ይይዙታል። ማሽን ላይ የቆመ ሰው ግን የየሰዓቱን ትርጉም መያዝ ይችላል። ስድስት ሰዓት ላይ ጌታ የተሰቀለበትን አስብ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፍሱን የሰጠበትን አስብ። ማማተብና አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ደግሞ የሌሊት ፈረቃህን እንደ ጉዳት ብቻ አትየው። ብዙዎቻችን ተኝተን የምናሳልፈውን መንፈቀ ሌሊት አንተ ነቅተህ ታገኘዋለህ። ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በዜማ ያመሰገኑት በመንፈቀ ሌሊት ነው። ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ታገኘዋለህ። በሻይ እረፍትህ አንብበው።

አጭር ጸሎት ደግሞ አትናቅ። ነህምያ ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ሲለው፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ንጉሡ ፊት ቆሞ ነው፤ ጉልበቱን እንኳ አላጠፈም።

ጥያቄ፦ ስጸልይ ሐሳቤ ገበያ ይዞራል።

የሁላችንም ይዞራል። በሄደበት አትከተለው፤ ተመልሰህ ከቆምክበት ቃል ቀጥል። ዐሥር ጊዜ ቢሄድ ዐሥር ጊዜ መልሰው። ድምፅህን ትንሽ አውጥተህ ጸልይ፤ ይረዳል። ስልክህን ሌላ ክፍል አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ በ2014 ሱቄ ተዘርፏል። እስካሁን አልተነሣሁም። ጉባኤ ላይ «አመስግኑ» ስባል ልቤ ይቆስላል። በምን አመስግን?

እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ቁስልሽን በጥቅስ ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። ማመስገን ማለት የተደረገብሽን ክፉ ነገር «መልካም ነው» ማለት አይደለም። ዘረፋ ዘረፋ ነው። እግዚአብሔርም እንደዚያ ነው የሚጠራው።

እኔም በዚያው ዓመት በጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ሲደርስብን ቤተሰቤን ይዤ ከደሴ ወጣሁ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በራችን ተገንጥሏል። ቤቱ ባዶ ነው። የልጄ ደብተሮች ወለሉ ላይ ተበትነዋል፤ የሟች እናቴ ረከቦት ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሌላው ዕቃ ብዙም አልቆጨኝም። ረከቦቱ ግን ቆጨኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሳምንታት መጸለይ አቃተኝ። ዳዊቴን እከፍታለሁ፣ ገጹን አያለሁ፣ ቃል አይወጣኝም።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። «ጸሎተ አኮቴትን ታውቀዋለህ አይደል?» አሉኝ። በሥርዓተ ቅዳሴው ካህኑ የሚያደርሰው የምስጋና ጸሎት ነው፤ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» ብሎ ይጀምራል። ለእኛ በጎ ያደረገልንን እናመስግነው ማለት ነው። ከዚያ ያደረገልንን ይዘረዝራል። «ከደነነ»፣ ሸፈነን። «ረድአነ»፣ ረዳን። «ዐቀበነ»፣ ጠበቀን። መጨረሻ ላይ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል። እስከዚች ሰዓት አደረሰን። አባቴ «ሌላውን ለጊዜው ተወው። ይቺን ብቻ በል። እውነት አይደለችም እንዴ? ደርሰሃል» አሉኝ።

ለሁለት ወር ያህል ጸሎቴ ያቺ ሐረግ ብቻ ነበረች። ጠዋት እላታለሁ፣ ማታ እላታለሁ። ቀስ በቀስ «ከደነነ» የሚለውም መጣ። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ያ ቃል ይገባዋል፤ ሌሊት ላይ ጋቢ የሚደርብልህ ሰው ማለት ነው። ልጆቼን ቆጠርኳቸው፤ አንዳቸውም አልጎደሉም። ሱቅሽን አልመለሰልሽም፣ ረከቦቴንም አልመለሰልኝም። ግን አንቺም እኔም እስከዚች ሰዓት ደርሰናል። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጠይቅሽም።

ማልቀስ ካማረሽ አልቅሺ። ዕንባቆም መጽሐፉን የሚጀምረው «እስከ መቼ እጮኻለሁ?» ብሎ ነው። የሚፈጽመው ደግሞ በለስ ባታፈራ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ፣ ላሞች በጋጥ ውስጥ ባይኖሩ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ብሎ ነው። ያው አንድ ሰው ነው። ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው የደረሰው ግን ሦስት ምዕራፍ ተጉዞ ነው። አንቺም ምዕራፍ 1 ላይ ብትሆኚ እግዚአብሔር አይቆጣሽም።

ሌላም ነገር አለ። ጌታችን እንጀራውን አንሥቶ ያመሰገነው መቼ ነው? አልፎ በተሰጠባት ሌሊት። ቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሴውን ጸሎት «አኮቴተ ቁርባን» ብላ የምትጠራው፣ የምስጋና መሥዋዕት ነውና። ምስጋናው የተወለደው ከድግስ አይደለም፤ ከዚያች ሌሊት ነው። ይህ ለእኔ ብዙ ነገር ፈቶልኛል።

ጥያቄ፦ በግእዝ የምጸልየው አይገባኝም። በአማርኛ ብቻ ብጸልይ?

ጸልይ። እግዚአብሔር አማርኛ ይሰማል። ግእዙን ግን አትጣለው፤ በየሳምንቱ አንድ ዓረፍተ ነገር እየተረጎምክ ያዝ። ዳዊት ለመድገም ከፈለግህ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ በአንድ ጊዜ ካልያዝኩ አትበል። አንዱን መዝሙር አስተውለህ በለው።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ሙስሊም ናቸው። ሰላት ሲደርስ ሥራቸውን ትተው ያለ ሐፍረት ይነሣሉ። እኔ ግን ሰው ፊት ማማተብ እንኳ አፍራለሁ።

ወሎ ተወልዶ ይህን ያላስተዋለ የለም። የጎረቤቶችህ ትጋት አንተንም ያትጋህ፤ መልካም ነገር ነው። እኔ ያደግኩት ቡና ላይ እናቴ «ተመስገን» ስትል ጎረቤታችን «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ እየሰማሁ ነው። ማንም ማንንም አላሳፈረም። ዳንኤል የሚያስቀጣው ዐዋጅ መጻፉን እያወቀ ቤቱ ገባ፤ መስኮቱም ክፍት ነበር። «ቀድሞም ያደርግ እንደ ነበረ» በቀን ሦስት ጊዜ ጸለየ፣ አመሰገነም። ለታይታ የጨመረው የለም፤ በፍርሃት የቀነሰውም የለም። አንተም ምሳህ ሲቀርብ እንደ ቤትህ አማትብና ብላ።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ምስጋና እንዴት ላስተምር?

ስብከት አታብዛባቸው። ማታ መሶቡ ሲቀርብ እያንዳንዱ የዕለቱን አንድ ነገር ይናገር፤ አንተም ተናገር። የእኔ ትንሿ ልጅ አንድ ወር ሙሉ «ስለ ድመታችን» ትል ነበር። አላረምኳትም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ አሮጊት ነኝ። ጉልበቴ ስግደት እምቢ አለኝ። ደጀ ሰላም ድረስ መሄድም አቃተኝ። ሴት ልጄ ዐረብ አገር ናት፤ ድምጿን ከሰማሁ ሰነበተ። ተቀምጬ መቁጠሪያዬን ብቻ እቆጥራለሁ። እኔ ከእንግዲህ አገልጋይ ልባል?

እናቴ፣ ይህን ጥያቄ የጻፈልዎት የልጅ ልጅዎ እንደሆነ ነግሮኛል። እባክዎ መልሱንም ያንብብልዎ።

ሉቃስ ስለ ነቢይት ሐና ሲጽፍ በጣም እንዳረጀች ይናገራል። በጾምና በጸሎት ሌሊትና ቀን ታገለግል ነበር ይላል። ያገለገለችው በምን እንደሆነ አዩ? በጸሎት። ጌታ ወደ መቅደስ ሲገባ ካወቁት ጥቂቶች አንዷ እሷ ናት፤ ወዲያው አመሰገነች። ስለዚህ አንቱም አገልጋይ ነዎት። ጉልበትዎ ባይታጠፍ ራስዎን ዝቅ ያድርጉ፤ ይበቃል። ስለ ልጅዎ ሲለምኑ ይፍሩ፣ ያልቅሱ፤ ግን ያሳደጉባትን አንዲት ቀን አስታውሰው ስለዚያች ቀን ደግሞ ያመስግኑ። ፍርሃቱ ብቻውን ሌሊቱን እንዳይወስደው።

እኛም ምንጣፍ ይዘን የምንሮጠው ልጆችዎ ብዙ ነን፤ መጸለይ የሚያቅተን ቀን አለ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ከአርባ አንዷ አንዷን ለእኛ ይበሉልን። ልጅዎ የምትሠራበትን አገርና የክርስትና ስሟን በልጅ ልጅዎ ይላኩልኝ፤ እሑድ ከጉባኤው በኋላ አብረን እንጸልይላታለን።