ከጡረተኛ አባት ጋር የቤት ብድር

ወንድሜ፣ ደሴ ላይ ቤት ለመግዛት ከጡረተኛ አባቴ ጋር አብሬ ብበደር ያዋጣል ወይ ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ የሳቸው ዕድሜ የመክፈያ ጊዜውን ያሳጥርብሃል፤ አበላቸውም ብዙ አያግዝህም። ባይሆን በራስህ ደመወዝ ተበደርና እሳቸው ቤታቸውን ያስይዙልህ።

ግን እዚህ ላይ ቆም በል። ክፍያ ከተቋረጠ ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እናቴ ኮምቦልቻ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ካርታዋን ከሳጥን ስታወጣልኝ እጇ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ቀን ሳልፈርም ተመለስኩ።

አባትህ የሚያስይዙት ቤት የወላጆችህ የጋራ ከሆነ የእናትህም ፊርማ ያስፈልጋል። እህት ወንድሞችህንም ቡና ላይ ሰብስበህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ውርስ ሲመጣ ዕዳው አብሮ ይመጣልና።