የአባቴን ስፒከር ምን ላርገው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ አባቴ በ1980ዎቹ የገዛው አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች አሉ፣ ቴፑ ከተበላሸ ወዲህ ግን ማንም ነክቷቸው አያውቅም። እኔ የምሰማው በስልክና በአንዲት ትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር ነው፣ አባቴ ትንሽ ይሰማና "ይሄማ ድምፅ ሳይሆን ጩኸት ነው" ብሎ ይነሳል። ሳሎን ቁጭ ብሎ የሚወደውን ዘፈን ከስልክ እየመረጠ በጥሩ ድምፅ እንዲሰማ ነው የምፈልገው። ብር ግን እንደልብ የለም፣ ፓኬጅም ቶሎ ቶሎ ያልቃል። የዋይፋይ ስፒከር ልግዛ ወይስ ሌላ መላ አለ? (የአባቱ ልጅ፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በናትህ ለጊዜው ምንም እንዳትገዛ። አባትህ ልክ ናቸው። ቤዝ ማለት የሚንቀሳቀስ አየር ነው፣ ያን ያህል አየር ለመግፋት ደግሞ ሰፋ ያለ ኮን (ስፒከሩ ላይ የሚንቀጠቀጠው ሽፋን) እና ሆድ ያለው ሳጥን ያስፈልጋል፣ መዳፍ የምታክል ስፒከር ውስጥ ይሄ ከየት ይመጣል? ቤትህ ያሉት እቃዎች ደህና ከሆኑ ባለህ ብር የምታገኘው አዲስ ስፒከር አይደርስባቸውም፣ ስለዚ መጀመሪያ እነሱን እንፈትሽ።

የስፒከሩን ጨርቅ ቀስ ብለህ አውልቅና የትልቁን ኮን ጠርዝ እያት። ጠርዙ ስፖንጅ ከሆነ በጣት ጫፍ ነካ አርገው፣ እንደ ድርቆሽ እፍር እፍር ካለ አልቋል ማለት ነው። ስፖንጅ ባይነካም እንኳን ከ15፣ 20 አመት በኋላ በራሱ ጊዜ ይበሰብሳል። ግን ለዚ ብለህ ስፒከሩን እንዳትጥለው፣ ጠርዙ ብቻ ተልጦ በሌላ ይቀየራል፣ ጎበዝ የስፒከር ጠጋኝ ይሰራዋል። ጠርዙ ጎማ ወይም ጨርቅ ከሆነ ደሞ እድለኛ ነህ፣ እሱ ብዙ ይቆያል።

አምፑን አቧራውን ጠርገህ ድምፁን ዜሮ ላይ አርገህ አብራው። ማዞሪያውን ስትነካው ክርክር ካለ አትደንግጥ፣ ውስጡ ቆሽሾ ነው፣ ባለሙያ ከፍቶ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማፅጃ ስፕሬይ ነፍቶበት ወዲያ ወዲህ ሲያዞረው ይለቀዋል። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ወይ ፊውዝ ከመታ ግን አጥፋውና ለባለሙያ ስጥ፣ ራስህ እንዳትከፍተው፣ ሶኬቱ ተነቅሎም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኮረንቲ ይዘው ይቆያሉ።

ከዚ በኋላ የሚያስፈልግህ አንድ ገመድ ነው፣ ባንድ በኩል የስልክ ጃክ በሌላ በኩል ቀይና ነጭ ያለው። ከአምፑ ጀርባ ኦክስ የሚል መሰኪያ ከሌለ ብዙ ሰው አይሰራም ብሎ ይተወዋል፣ ኧረ ይሰራል፣ ሲዲ የሚለውም ቲውነር የሚለውም ቴፕ ፕሌይ የሚለውም ለዚ ስራ እኩል ናቸው፣ ያንተ ቴፕ ስለተበላሸ የሱ ቦታ ባዶ ነው፣ እዛ ሰካው። ፎኖ የሚለው ላይ ብቻ እንዳትሰካ፣ እሱ የሸክላ ማጫወቻ በጣም ደካማ ሲግናል የሚያጎላ ስለሆነ የስልኩን ድምፅ አበላሽቶ ነው የሚያወጣው። ስልክህ ጃክ ከሌለው ታይፕ ሲ ማስተላለፊያ ትገዛለህ፣ ሱቁ ውስጥ በራስህ ስልክ ሞክረህ ነው ብር የምትከፍለው፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቺፕ የለውም፣ ባንዱ ስልክ ሰርቶ በሌላው እምቢ ይላል።

ስልኩ ቻርጀር ላይ እያለ እምምም የሚል ድምፅ ከሰማህ አምፑ አይደለም፣ ከቻርጀሩ ነው። ንቀለው፣ ካቆመ አገኘኸው ማለት ነው። የስልኩን ድምፅ ወደ መጨረሻው ጠጋ አርገህ ተወውና ከፍ ዝቅ የምታደርገው በአምፑ ይሁን።

አሁን ወደ ፓኬጁ እንምጣ። በ320 ኪሎቢት፣ ማለትም በከፍተኛ ጥራት፣ ስትሪም ስታደርግ በሰአት ወደ 144 ሜጋባይት ይበላል፣ አባትህ በቀን 3 ሰአት ቢሰሙ በወር ወደ 13 ጊጋ ነው። አንድ ጊዜ አውርደህ ብታስቀምጠው ግን በቃ። እኔ የምመክርህ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ካለህ እሱን አምፑ ጎን አስቀምጠው፣ ሲም አውጣለት፣ ሜሞሪ አስገባለት፣ 64 ጊጋ ሜሞሪ በ320 ከ400 ሰአት በላይ ሙዚቃ ይይዛል። ላፕቶፕ ካለ ደሞ ጄሊፊን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንበት፣ ዘፈኖቹ ላፕቶፑ ላይ ሆነው ቤት ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ በዋይፋይ ይሰማቸዋል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ በራውተር የሚያልፍ የቤት ውስጥ ዋይፋይ ፓኬጅ አይበላም፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጦም ይሰራል። መብራት ከሄደ ግን ያው ራውተሩም አምፑም አብረው ይሄዳሉ።

የፋይሉን ነገር አደራ። ከዩቲዩብ ተቀድቶ 320 ተብሎ በቴሌግራም የሚዞረው ብዙ ነው፣ አንዴ ተጨምቆ የወጣ ድምፅ ስሙን ስለቀየሩት አይመለስም። ለማወቅ ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ምረጥ፣ በጥሩ ፋይል ላይ ጭራው ጭራውን ሲፈትግ ያለው ሻካራ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ በተጨመቀው ላይ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር ይድበሰበሳል። ክራርም እንደዛው ነው፣ ክሩ ተመቶ እስኪጠፋ ያለችው ቀጭን ጅራት ቀድማ ነው የምትቆረጠው። ከቻልክ ሲዲ ተውሰህ ፍላክ ወደሚባለው የፋይል አይነት ገልብጠው፣ መጠኑ የሲዲውን ግማሽ አካባቢ ይሆናል እንጂ ከድምፁ ምንም አይጎድልም።

መጨረሻ ላይ አቀማመጡ፣ እንደውም ከሁሉም በላይ እሱ ነው። አምና አክስቴ ቤት ሄጄ ሁለቱም ስፒከሮች ቡፌው ውስጥ ተደራርበው፣ ከላይ እስከ ታች ዳንቴል ለብሰው አገኘኋቸው። አክስቴን አስፈቅጄ አወጣኋቸው፣ ዳንቴሉን ለቴሌቪዥኑ ሰጠነው፣ በሁለት ሜትር ያህል አራርቄ፣ ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አርጌ፣ ትንሿ የላይኛዋ ስፒከር ተቀምጠው ከሚሰሙበት ጆሮ ትክክል እንድትሆን ዱካ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያው ዘፈን ነው ያው አምፕ ነው፣ ዘፋኟ ግን መሀል ላይ ቆመች፣ አክስቴ "ሰው ገባ እንዴ?" ብላ ወደ በሩ ዞረች። አንተም እንደዚ አድርግ፣ ገመዱን ስታስር ደሞ በሁለቱም ቀዩ ከቀይ ጥቁሩ ከጥቁር ይሁን፣ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አምፕ አለኝ፣ ብሉቱዝ ሪሲቨር ልግዛለት አስቤ ጓደኛዬ "ብሉቱዝ ድምፅ ይገድላል" አለኝ። እውነት ነው? (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጓደኛህ ትንሽ አጋኗል። ተራው ብሉቱዝ ራሱ እስከ 328 ኪሎቢት ያሳልፋል፣ ኤልዳክ የሚባለው ደሞ እስከ 990፣ ስልክህም ሪሲቨሩም ሁለቱም ካወቁት። የምትሰማው ፋይል ተራ ኤምፒ3 ከሆነ ብሉቱዙ አይደለም የሚገድለው። ችግሩ ርካሽ ሪሲቨሮች ዝም ሲሉ የሚያሰሙት ሹሹታ ነው፣ ስትገዛ ዘፈን ሳትከፍት ድምፁን ጨምረህ አዳምጠው። እኔ ግን ገመድ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ይዛቸው የመጣች 40 የሚሆኑ ካሴቶች አሉ፣ አንዳንዶቹን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አጣኋቸው። ወደ ስልክ አስገብቼ ቤት ውስጥ እንድትሰማቸው ምን ላርግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ ጀምሪው፣ ካሴት ቁጭ ባለበት ያረጃል፣ ኢንተርኔት ላይ የሌለው ዘፈን ደሞ ምናልባት ከናትሽ ካሴት ሌላ የቀረ ቅጂ የለውም።

እዛ ያገለገለ እቃ መሸጫ ውስጥ ዴክ (የካሴት ማጫወቻ) አይጠፋም፣ ከጀርባው ቀይና ነጭ መውጫ ያለው ይሁን። ሄዱን፣ ማለትም ሪቦኑ የሚነካውን ብረት፣ በጥጥና በአልኮል ጥረጊው፣ ቡናማ ቆሻሻ ጥጡ ላይ እስከማይወጣ ድረስ። ካሴቱን ከማጫወትሽ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሺው፣ ሪቦኑ ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። ውስጥ ያለችው ትንሽ ስፖንጅ ወድቃ ከሆነ ደሞ ድምፁ እየሄደ ይመጣል፣ ካሴቱ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ቡሎኑን ፈትተሽ ሪቦኑን ወደ ሌላ ደህና ካሴት ቤት ማዛወር ይቻላል።

የላፕቶፕ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ የማይክ ነው፣ ግራና ቀኙን ደባልቆ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚ ላይን ኢን የሚል መግቢያ ያላት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዢ። ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት ቅጂ፣ ድምፁ ጣሪያውን እንዳይነካ ትንሽ ቦታ ተዪለት። የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት አካባቢ ይሆናል፣ ፍላክ ስታደርጊው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሹሹታውን ለማጥፋት ፕሮግራሙ ላይ ብዙ አትነካኪ፣ ከሹሹታው ጋር የዘፋኙም ትንፋሽ ይሄዳል፣ ያልተነካውን ቅጂ ሁሌም ለብቻው አስቀምጪ። ከዛ ለኮተቤው ወንድማችን የነገርኩትን ጄሊፊን ላፕቶፑ ላይ ጭነሽ ለናትሽ ስልክ ላይ ትከፍቺላታለሽ።

እና ደሞ የያንዳንዱን ካሴት ወረቀት ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው፣ የዘፋኙን፣ የግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ የባንዱን ስም ፋይሉ ላይ ጻፊ። ወረቀቱ ላይ የሌለውን እናትሽን ጠይቂያት፣ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ ስትቀጂ ማን ክራር እንደመታ ማን እንደተቀበለ ራሷ ትነግርሻለች።