ድጋፉ ሲያልቅ ሞግዚቶቹ እንዳይበተኑብሽ

ከፍኖተ ሰላም የጠየቅሽው እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ለሕፃናት ማቆያችሁ ሞግዚት ለመቅጠርና ያሉትም እንዳይለቁ ለማድረግ የሁለት ዓመት የገንዘብ ድጋፍ ልታገኙ ነው፤ «ብሩን በሙሉ ደመወዝ ላይ ልጨምረው ወይስ ለሌላ ነገር ላውለው?» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ማርቆስ የሴቶች ማኅበር ያቋቋመውን ማቆያ መምራት ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ጊዜ ድጋፍ አግኝተን የመጀመሪያውን አበላሽተነዋል፤ ከእሱ ልጀምርልሽ።

ያኔ የአምስቱንም ሞግዚቶች ደመወዝ ከ1,800 ወደ 3,000 ብር አሳደግነው። ደስታቸው እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። በዐሥራ ስምንተኛው ወር ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ከወላጆች የምንሰበስበው ክፍያ 3,000 ብሩን ሊሸከም አልቻለም። ጉልት ላይ ሽንኩርት ቸርችራ የምታድር እናት ላይ ስንት ይጨመራል? ደመወዝ መቀነስ ደግሞ ሠራተኛዋ በጽሑፍ ካልተስማማች አይቻልም። ብንለምናቸውም ሦስቱ በአንድ ሐምሌ ለቀቁ። አንዷ ልጆቹ «እታለም» የሚሏት ነበረች። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ነበር፣ እሷ ካላዘለችው እንቅልፍ የማይወስደው። ከሄደች በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ሥር ይቀመጥና የነጠላ ጫፍ ባየ ቁጥር ብድግ ይል ነበር። አዲሷ ሞግዚት ብታዝለው፣ እሹሩሩ ብትለው አልሆነም። እናቱ ሁለት ሳምንት ታግሳ ልጇን ይዛ ወደ ጉልቷ ተመለሰች።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2021 ለሕፃናት ማቆያዎች የ24 ቢሊዮን ዶላር ማረጋጊያ ድጋፍ መድባ ነበር፤ ብዙዎቹ ለሠራተኛ ደመወዝና ማበረታቻ አዋሉት። በመስከረም 2023 ጊዜው ሲያበቃ እነሱም እኛ የገባንበት ጭንቅ ውስጥ ነው የገቡት።

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ያሰላነው፣ ድጋፉ ሲያልቅ የወላጆች ክፍያ ብቻውን ሊሸፍን የሚችለውን ደመወዝ ነው። መነሻ ደመወዙን እዚያ ድረስ ብቻ ጨመርን። ከተረፈው ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይና ከፋሲካ በፊት፣ የቆይታ ማበረታቻ ከፈልን፤ ከደመወዝ የተለየና ከድጋፉ ጋር የሚያበቃ መሆኑን ውል ላይ ጽፈን አስፈርመናል። መስከረምን የመረጥነው ሞግዚቶቹ ለራሳቸው ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሲቸገሩ የተሻለ የሚከፍል የሚፈልጉበት ወቅት ስለሆነ ነው። ጥር ላይ ጤፍ ረከስ ሲል ደግሞ ለእያንዳንዳቸው ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ገዛንላቸው። ከገበሬ ብትገዢ ደረሰኝ የለም፣ ኦዲተር ይጥልብሻል፤ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ግዢ። ጤፉን የደመወዝ ምትክ እንዳታደርጊው ግን አደራ። ሕጉ በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ሠራተኛዋ ስትስማማ ብቻ እንዲሆን፣ በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለውም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ነው የሚለው።

ከሁሉም በላይ ውጤት ያየነው ግን ተተኪ ሞግዚት በመቅጠራችን ነው። ድጋፍ ሰጪዎች ይህን ወጪ ብዙም አይወዱትም፤ አንቺ ግን አጥብቀሽ ያዢው። ልትለቅ የነበረችን አንዷን ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጠይቃት «ሽንት ቤት እንኳን ልጅ አዝዬ ነው የምሄደው» አለችኝ። እናቶች ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አስቀምጠው ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ይወስዳሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ያለፈው በቀኑ ክፍለ ጊዜ በአንድ ተኩል ይከፈላል። ያንን ትርፍ ሰዓት ከመክፈል አንዷን ጠዋት፣ ሌላዋን ረፋድ ላይ አስገብቶ በመካከል ተተኪ ማቆም ይቀላል። የወሊድ ፈቃዱንም አስቢው፦ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን፣ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። እኛ ጋ በአንድ ዓመት ሁለት ሞግዚቶች ወለዱ። ተተኪ ባይኖረን ኖሮ «ወጣት ሴት አንቅጠር» ወደሚል ክፉ ሐሳብ እንገባ ነበር፤ ለእናቶች ብሎ የተከፈተ ቤት እንዲህ ሲያስብ ያሳዝናል።

ቅጥሩን በሚመለከት፣ የቀበሌ ሰሌዳ ላይ የለጠፍነው ማስታወቂያ ያመጣልን በአብዛኛው ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ወይም ዐረብ አገር እስኪሄዱ የሚጠብቁ ልጆችን ነው። በእድር በኩል ያገኘናቸው፣ ልጅ አሳድገው የጨረሱ እናቶች ግን ቆዩ። ድጋፍ ሰጪው የትምህርት ማስረጃ ሲጠይቀን፣ እነሱን አሠልጥነን የሙያ ብቃት ምዘና እንዲወስዱ የሥልጠናና የምዘና ወጪውን በጀቱ ውስጥ አስገባን።

በጀት ስታወጪ ሁለት ነገር እንዳያመልጥሽ። ማኅበራችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ ከሆነ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የሞግዚት ደመወዝ ግን የፕሮጀክቱ ዋና ሥራ ወጪ ነው፤ አስተዳደር ሥር ጽፋችሁ ራሳችሁን እንዳታስሩ። ሁለተኛው ጡረታ ነው፦ ከሠራተኛዋ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። በ3,000 ብር ደመወዝ የእናንተ ድርሻ 330 ብር ነው፤ ለአምስት ሞግዚት በሁለት ዓመት 39,600 ብር ይመጣል። እኛ በመጀመሪያው ዙር ረስተነው ከምግብ በጀት ላይ ነው የቆረጥነው።

ፕሮፖዛሉ ከመግባቱ በፊት ቡና አስፈልተሽ ራሳቸውን ሞግዚቶቹን ጠይቂያቸው። እኛ ስንጠይቅ ደመወዝ ይላሉ ብለን ነበር። አንዷ ግን ዝም ብላ ቆይታ እንባዋ መጣ። የሦስት ዓመት ልጇን በየቀኑ ለጎረቤት ጥላ የሰው ልጅ አቅፋ እንደምትውል ያወቅነው ያኔ ነው። በማግስቱ ልጇን ይዛ እንድትመጣ አደረግን፤ ክፍያ የለም፣ ከሌሎቹ ጋር ይበላል፣ ከሌሎቹ ጋር ይተኛል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ። እናቱም ዛሬ ድረስ እኛው ጋ ናት።